የቅምሻው ሳህን

እትዬ ጭልፋ ምንም አትበላም። ይህን ለጠየቃት ሁሉ ትምላለች፤ ያልጠየቃትም ቢሆን ከመሐላው አያመልጥም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኞች ምግብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድጃ ፊት ቆማ አራት መቶ ሰው ስታበላ፣ ለራሷ ሳህን ይዛ የተቀመጠችበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ከእጇ የማይለየው ጭልፋ ስም ሆኖላታል።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰውነት ከየት መጣ?" ሲሏት መልሷ አንድ ነው።

"እኔ እኮ ውሃ ስጠጣ እንኳ ነው የምወፍረው!"

ድሮ ይህ ቀልድ ነበር። አሁን ግን ሰዓት ሠሪው ታናሽ ወንድሟ ኩላሊቶቹ መሥራት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን የሚያጥብለት ማሽን አጠገብ ተጋድሞ ይውላል። ውሃ እንኳ የሚጠጣው በልክ ነው። በአንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ፣ በዚያ በለመደ እጁ፣ አምስት ቀጫጭን መስመሮች አስምሯል፤ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው የሁለት ሦስት ሰዓት ውሃው ነው። እሱ ፊት ያን ቀልድ የደገመች ቀን አፌን በቆረጠው ብላ ተመኘች።

የእሷ ኩላሊት ለእሱ እንደሚስማማ ሲነገራት እልል ብላ ነበር። ሐኪሙ ግን ሚዛኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"በዚህ ክብደትዎ ቀዶ ጥገናው ለእርስዎም አደገኛ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ። ቀንሰውም ሦስት ወር እዚያው ላይ ይቆዩ። ያኔ ቀን እንቆርጣለን።"

አሥራ ሁለት ኪሎ! የአንድ ጆንያ ሩዝ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ እሷ በአንድ ድስት የምትጨርሰው ነው። ምን ችግር አለው ብላ ቁርስም ምሳም እራትም ተወች። በሞቀ ውሃና በሎሚ አምስት ሳምንት ከረመች። አምስት ኪሎ ወረደላት፤ ጉልበቷም አብሮ ወረደ። በስድስተኛው ሳምንት ሾርባው ድስት አጠገብ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ያን ቀን ማታ ያገኘችውን ሁሉ በላች፤ በማግስቱም እንደዚያው። በአንድ ወር ውስጥ የጣለችውን መልሳ አነሳችው፤ አንድ ኪሎ ምርቃት ተጨመረበት። ዳግመኛ ሞከረች፤ ዳግመኛም ያው ሆነ።

ወንድሟ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ይደውላል።

"እታለም፣ ምሳ በላሽ?"

"ኧረ ምን በላሁ!"

እሱ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታው ውስጥ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ትፈራለች።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ አመጋገብ ባለሙያዋ ላካት። ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። እትዬ ጭልፋ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ፣ መልሱን በቃሏ የምታውቀውን ጥያቄ ጠበቀች።

"ከጠዋት እስከ ቀትር ምን ይበላሉ?"

"ምንም።"

"ሥራዎ ምግብ ማብሰል ነው አይደል? አይቀምሱም?"

"መቅመሱንማ እቀምሳለሁ። መቅመስ መብላት ነው እንዴ?"

ባለሙያዋ አልሳቀችም። "ነገ አንድ ባዶ ሳህን አጠገብዎ ያስቀምጡ። በቀመሱ ቁጥር ያንኑ ያህል ከምግቡ ቀንሰው ሳህኑ ላይ ያድርጉ። ሌላ ምንም አይለውጡ።"

እትዬ ጭልፋ በሆዷ እየሳቀች ሄደች። በማግስቱ ሳህኑን ከምድጃው ጎን አኖረችና ሥራዋን ጀመረች። ሾርባው ጨው ደርሶት እንደሆነ ለማየት ግማሽ ጭልፋ። ጨው ተጨመረ፤ እንደገና ግማሽ ጭልፋ። ድንቹ ተጠበሰ፤ አንድ ለጨው፣ አንድ ለልስላሴው፣ አንድ ደግሞ እንዲሁ ስለተቃጠለና ለሰው ስለማይሰጥ። ከዳቦው ጫፍ ጫፉ። ከሩዙ ከድስቱ ሥር የያዘው። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይደርስ ሳህኑ ሞላ። ሌላ ሳህን አመጣች። የሠራተኛው ደወል ሲደወል ሦስተኛውም ጢም ብሎ ነበር።

ሳህን አጣቢዋ መጥታ አየቻቸው። "እትዬ፣ እንግዳ አለብን እንዴ? የማን ምሳ ነው?"

እትዬ ጭልፋ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ጠርሙስ በመስመር ለሚጠጣ ሰው ምንም አልበላሁም ስትለው ኖራለች፤ ውሸት መሆኑን ሳታውቅ መዋሸቷ ይበልጥ አቃጠላት።

ከዚያ ወዲያ ለቅምሻ የሻይ ማንኪያ ያዘች፤ ይህንንም ለወንድሟ ነገረችው። የጨውን ነገር ለሳህን አጣቢዋ ምላስ አስረከበች። ይህ ከረሃቡ ይልቅ ከበዳት፤ አንድ ቀን ሾርባው ጨው ሲበዛበት "እትዬ ጭልፋ እጇ ጠፋ" ሲሉ ሰምታ ልቧ ተሰበረ። ባለሙያዋ እንዳለቻት ቁርስ መብላት ጀመረች። ቀትር ላይ ደግሞ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት፣ ግማሹ አትክልት የሆነ አንድ ሳህን ይዛ ትቀመጣለች። መጀመሪያ መቀመጡ ራሱ አሳፈራት፤ ሥራ የፈታች መሰላት።

ክብደቱ እንደ ልቧ አልፈጠነላትም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ምንም። በሰባተኛው ወር ወንድሟ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ አልጋ ያዘ። ሦስት ኪሎ ይቀራት ነበር። ጾሟን ውላ በአንዴ ልትጨርሰው ወስና ወደ እሱ ሄደች። ፊቷን አይቶ ገባው።

"አትጣደፊ፣ እታለም" አላት በደከመ ድምፅ። "ያወረድሽው ከተመለሰ እንደገና መጀመር አልችልም። እኔ በመስመሬ ልጠጣ፤ አንቺ በማንኪያሽ ቅመሺ።"

ተመልሳ ሄዳ ምሳዋን በላች። እንባዋ ሳህኑ ላይ እየተንጠባጠበ በላች።

ሦስቱ ኪሎ ወረደ። ከዚያ የመቆየቱ ሦስት ወር መጣ፤ ከሁሉም በላይ እሱ አደከማት። ደስ የሚል ወሬ የለው፣ ያው ማንኪያ፣ ያው ሳህን፣ ያው ሚዛን። አንድ ቀን የሳህን አጣቢዋ ልጅ ልደት ላይ አራት ቁራጭ ኬክ በላች፤ በማግስቱ ራሷን ሳትቀጣ ወደ ቁርሷ ተመለሰች። ይህንንም ተምራዋለች።

የመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ሚዛኑን ሁለቴ አየ። ከዚያ መዝገቡን ስቦ ቀን ጻፈ። እሷም ከሆስፒታሉ ወጥታ በቀጥታ ወደ ምድጃዋ ሄደች፤ አራት መቶ ሰው ይጠብቃታል።

ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ።

"እታለም፣ ምሳ በላሽ?"

"በላሁ" አለችው። "ቁጭ ብዬ በላሁ። ቀንም ተቆርጦልናል፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት።"

እሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አሁን ግን ዝምታውን አልፈራችውም።

"እና ከቀዶ ጥገናው ስንነሳ" አለ በመጨረሻ፣ "ከፈቀዱልኝ፣ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ትሰጪኛለሽ።"

እትዬ ጭልፋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ጭልፋ ቀና ብላ አየችው። በእሱ ከቀመሰች ዓመት ሊሞላ ነው።

"ብርጭቆ ምን ያደርግልሃል የኔ ጌታ" አለችው። "በጭልፋ ነው የማጠጣህ።"