የእማማ ሸጌ በር

ታፈረ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ሲቀር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከፈረሰ ቤትና ከግንባታ ቦታ የሚጣለውን መልቀም ጀመረ። ፌሮውን የወንበር እግር፣ የቀለም ጣሳውን የመብራት ቆብ፣ የጠርሙስ ስባሪውን የጠረጴዛ ጌጥ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሳቁበት ሰዎች ኋላ ቤታቸው የተረፈውን ይዘውለት ይመጡ ጀመር።

አንድ ሰሞን ከፍርስራሽ ክምር ላይ የዋንዛ በር አገኘና ጠረጴዛ አደረገው። በሩ ተበሳስቷል፤ የጥይት መሆኑ አልጠፋውም። በየቀዳዳው ቀይና ሰማያዊ የጠርሙስ ስባሪ ሰክቶ፣ ዙሪያውን ጠርቦ አበባ አስመሰለው። አንድ ሆቴሉን የሚያድስ ሰው አይቶ፣ "የኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ" አለው።

ሊወስደው በተቀጠረበት ጠዋት የሚያውቃቸው አሮጊት፣ እማማ ሸጌ፣ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ይዘው መጡ።

"ታፈረ ልጄ፣ ይችን..." ብለው አቋረጡ። በርጩማውን መሬት ላይ ለቀው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ጣታቸውን ቀዩ ጠርሙስ ላይ አሳረፉ።

"ይህ የኔ በር ነው።"

"ምን አሉኝ እማማ?"

"አዳም ከውስጥ ተደግፎት ቆሞ ነበር። እንዳይገቡብን ብሎ።"

አዳም በጦርነቱ የተገደለው ልጃቸው ነው፤ ታፈረ ቀብሩ ላይ ነበረ። በሩ የማን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

"ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ ቤትዎ አደርስልዎታለሁ።"

"ምን ላደርገው? እንዳላየው ብዬ እኮ ነው ያስጣልኩት።" ወደ ጠርሙሱ ጠቆሙ። "ግን ልጄ፣ አበባ አደረግኸው? ሰው ምሳ ሊበላበት?"

"ምን ላድርግ ይበሉኝ?"

"ጠርሙሱን አውጣው። እንደነበረ ይሁን።"

መሮውን አነሣ። ስባሪውን አንድ በአንድ ፈለቀቀው። እማማ ሸጌ እስኪጨርስ ቆመው አዩት፤ ከዚያ በርጩማቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ።

የሆቴሉ ሰው መኪና ይዞ ሲመጣ ቀዳዳውን አየ። "ምን ነካህ? አብደሃል?" ብሎ ጮኸበት። ታፈረ የሆነውን ነገረው። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ያን ጊዜ ያልተነካ የማን ቤት አለ? እኔም ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ይህንን ግን በየቀኑ ፊቴ ላስቀምጠው አልችልም" ብሎ ባዶ መኪናውን አዞረ።

ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀረ። ሸራ ሲያለብሰው የደበቀው ይመስለዋል፤ ገልጦ ሲተወው ሥራ አላስይዝ ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው አሮጌ ሳንቃ ሲያመጣለት ታፈረ አስቀድሞ፣ "የማን ቤት ነበር?" ይላል። አንዳንዱ ይነግረዋል። አብዛኛው ግን ሳንቃውን መልሶ ተሸክሞ ይሄዳል።