የሟች ድርሻ

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ድስት ከዚህ ምድጃ አይወርድም!» እናት ጭልፋዋን እንደ ዱላ ጨብጣ ተገትራለች።

«ይጣል አላልኩም እኮ እማዬ! ቁም ሣጥኑ ላይ ይቀመጥ ነው ያልኩት» አለች ታላቅ እህት። የዋጋው ወረቀት ገና ያልተላጠለት አዲስ ትንሽ ድስት በብብቷ ይዛለች። «እኔ የምመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። አንቺ እንደ ወፍ ለቅመሽ ትነሻለሽ። ይሄ ሁሉ ምግብ ለማን ነው?»

«ለቤቱ!»

«ቤቱ አፍ አለው?»

«አንቺ አለሽ አይደል? ያውም ነገር የማይጠግብ!»

ሬዲዮ ሠሪው ልጅ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ የአባቱ ነው፤ ክብደት እንዲችል እግሮቹ በብረት ተበይደዋል። ሹራቡም የአባቱ ነው። አምና እጅጌውን ሰብስቦ ነበር የሚለብሰው፤ አሁን ደረቱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል።

አባትየው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። እናት ግን አንድም ቀን ቀንሳ ሠርታ አታውቅም። ምግቡን ስታወጣ ተራው የሟቹ ሲሆን እጇ ለአፍታ አየር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ልጇ ሳህን ይዞራል። «ብላ አባዬ፣ ይሄ ደግሞ የእሱ ነው» ትለዋለች። መጀመሪያ የበላው እንዳታለቅስ ብሎ ነበር። በኋላ ሆዱ ለመደ፤ ከለመደ ወዲያ ደግሞ ሲቀርበት ይጮኽ ጀመር።

ሰፈሩ አባቱን «ጋራው» ይለው ነበር። ልጅየው የአባቱን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ሲረከብ «ትንሹ ጋራ» አሉት። ዘንድሮ «ትንሹ» የሚለው ቀርቷል። «ተመችቶሃል! ቁርጥ አባትህን!» ይሉታል ደንበኞቹ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከጠዋት እስከ ማታ ከሬዲዮ ሆድ ዕቃ ላይ ሳይነሳ፣ ለስላሳ መጠጡ ከጎኑ ሳይጠፋ ይውላል። በቀደም እንዲጠግነው በመጣለት፣ ባልበራ ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ አባቱ ተቀምጦ አየ። ደንግጦ እጁን ሲያነሳ አባቱም እጁን አነሳ።

በማግሥቱ ለማንም ሳይናገር ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሟ መዘነችው፣ ወገቡን ለካችው፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን አየች። ከመናገሯ በፊት ቀደማት። «አውቃለሁ፣ ሆዳም ነኝ።»

«እንደዚያ ያለህ የለም» አለች። «በር ላይ የተቀመጡትን አይተሃል? ብዙዎቹ የመጡት ለዚሁ ነው። ተቀምጠን እንውላለን፣ ስኳር እንጠጣለን፣ እንቅልፋችን እንቅልፍ አይደለም። በዘርም ይመጣል። ሳህንህን የሚሞላው ማነው?»

«አባቴ» ሊላት ምንም አልቀረውም። ዋጠው።

«ስትተኛ ታንኮራፋለህ? ትንፋሽህ ይቋረጣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ተኝቼ።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። የእንቅልፍ ምርመራ አዘዘችለት። እሁድ ከሰዓት በጤና ጣቢያው ግቢ ተሰብስበው በእግር የሚሄዱ፣ ስለ አመጋገብም የሚማሩ ሰዎች እንዳሉ ነገረችው። «በእነሱ ጀምር፤ መድኃኒት ካስፈለገ እናያለን። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እንዲሁ ከቀጠልክ ግን ልብህ አይችለውም።»

ዛሬ እሁድ ነው። ሳህኑ ፊቱ ተቀምጧል፦ በአንድ በኩል የእሱ ሩዝና ሥጋ፣ በሌላው በኩል የሟቹ።

«እሺ፣ እኔን አትስሚ። ይሄን ስሚ» አለች እህት፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

ማንኮራፋት ክፍሉን ሞላው። ከባድና እርጥብ ነው፤ ድንጋይ በኮረት ላይ ሲጎተት ይመስላል። ሬዲዮ ሠሪው ቀና አለ። ልጅ ሆኖ በግድግዳው ወዲያ ሲሰማው ያደገው ድምፅ ነው።

ጭልፋው ከእናት እጅ ወደቀ። «መቼ ቀዳሽው? በሕይወት እያለ ቀድተሽው ነው እስከ ዛሬ የደበቅሽኝ?»

«እማዬ፣ አባባ አይደለም።» እህት በጣቷ ወንድሟን አሳየች። «እሱ ነው። ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ነው የቀዳሁት።»

በዚህ መሃል ድምፁ ተቋረጠ። ሦስቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። አባታቸው የቀረው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነበር፤ ሲነጋ እንደዚያው ዝም እንዳለ ነው ያገኙት። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው ያለ ማቃሰት መጣ፤ ድንጋዩም መጎተቱን ቀጠለ።

እናት እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች።

«እማዬ! ትንፋሹ ሲቆም አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። አባትሽም እንዲሁ ነበር። ይሄድና ይመለሳል።»

«አልተመለሰም እኮ!»

እናት ወንበር ስባ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። «ማታ ማታ ወንድምሽን ከግድግዳው ወዲያ ስሰማ፣ አባትሽ ያለ እየመሰለኝ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለች በለሆሳስ። «እንደገና ክፈችው፣ በሞቴ።»

እህት ትንሹን ድስት ወለሉ ላይ አስቀምጣ እንደገና ከፈተችው። የእናቷንም ትከሻ አቀፈች።

ሬዲዮ ሠሪው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተነሳ። ሹራቡን አወለቀና የወንበሩን መደገፊያ አለበሰው፤ እጅጌዎቹ ወደ ወለሉ ተንጠለጠሉ። ሳህኑን አልነካውም። በሸሚዝ ብቻ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ በሩ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ስልኩ ላይ እንዳጎነበሱ ናቸው፤ መውጣቱን አላዩም።

ደጅ ላይ ቆሞ ጫማውን አሰረ፤ ትንፋሹ አጠረው። በተከፈተው መስኮት የራሱ ማንኮራፋት ተከትሎት ወጣ፤ ከዚያ ተቋረጠ። እሱም እግሩን መንቀል አቅቶት ጠበቀ። ማቃሰቱ ሲመጣ ብቻ ወደ አጥሩ በር ተራመደ።

በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሲያሳርፍ የእናቱ ድምፅ ከውስጥ ተሰማው፤ ሰው አጠገቧ ላለ ሰው እንደሚያወራ ለስለስ ያለ ነው።

«ብላ እንጂ አባዬ፣ ይቀዘቅዛል።»