ብሪሂዳ መሃል ላይ

ብሪሂዳ ከወለደች ወዲህ ደሟ አልቆም አለ። ሕፃኑን ለአክስቱ ትተው እሷን ታንኳው መሃል አስተኟት። በየመንደሩ የምትዞረው ነርስ ጀልባ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ጋ ቆማለች፤ ቀትር ላይ ትሄዳለች። ካልደረሱባት ብሪሂዳ አትተርፍም። ባሏ ኤላዲዮ ከኋላ፣ እናቷ ካሲልዳ ከፊት ሆነው እየቀዘፉ፣ ከትልቁ የኦሪኖኮ ወንዝ ወጥተው ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ገቡ። ውሃው ወደ ባሕሩ እየሸሸ ስለነበር መንገዱ ቀለላቸው።

በእኛ በወንዙ ሰዎች፣ በዋራኦዎች ዘንድ አማትና አማች አይነጋገሩም፣ ፊት ለፊትም አይተያዩም፤ ነውር ነው። ኤላዲዮ ካሲልዳ ቤት ስንት ዓመት ሲኖር አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። የምታቀባብላቸው ብሪሂዳ ነበረች። እሷ ደግሞ ተንኮሏ አያልቅም። እናቷ፣ "ያ ሰነፍ ባልሽ ጣራውን መቼ ነው የሚጠግነው?" ስትል፣ "እማዬ ጣራ ላይ ስትወጣ እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ብላሃለች" ትለዋለች። ደንቡን እኔም አከብራለሁ፤ ግን ይህን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ውሃው ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ሲቃረቡ ካሲልዳ ሳትዞር፣ "ልጄ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ በግራ በጠባቡ ይግባ። ሰፊውን ደለል ዘግቶታል፤ ሸርጣን ስለቅም አይቼዋለሁ" አለች።

ኤላዲዮ ድምጿን ሰማ፤ ቃሉን ግን ነፋሱ ወሰደበት። ጎንበስ ብሎ፣ "እናትሽ ምን አለች?" ሲል በሹክሹክታ ሚስቱን ጠየቃት። አልመለሰችም። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት፣ ትንሽ ትረፍ ብሎ ተዋት። እንደለመደው በሰፊው ገባ።

ካሲልዳ ታንኳው ወደ ቀኝ ሲዞር ታወቃት። ልጄ ነግራው፣ ንቆኝ ነው ብላ ተቃጠለች። ዞራ ልትሰድበው አትችል፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ቀዘፈች።

ባሕሩ ሲታይ ታንኳው ደለሉ ላይ ተቀመጠ። አሸዋው እዚያው ማዶ ነው፤ በመሃል ያለው ጭቃ ግን ሰው ይውጣል። የነርሷ ጀልባ ሞተሯን አስነስታ ስትርቅ ቁጭ ብለው አዩዋት። ካሲልዳ መቅዘፊያዋን እያወዛወዘች ጮኸች፤ የሰማት የለም።

"ልጄ፣" አለች አሁንም ሳትዞር፣ "ለባልሽ ንገሪው፤ ወርዶ ይግፋ።"

ኤላዲዮ የሚስቱን እግር ነካ። ቀዝቅዟል። ደረቷ ላይ ጆሮውን አሳርፎ ብዙ ቆየ። ይህን ለእናቷ የሚነግርለት ሰው ፈለገ፤ ታንኳው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

"እማማ" አለ።

ካሲልዳ ዞራ ፊቱን አየች። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው አልነበራትም። መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለሰች።

"መንገዱ በየት በኩል ነበር የሚያልፈው?" አለ ኤላዲዮ።

"በግራ። ነግሬያት ነበር።"

"እኔ ጋ አልደረሰም፣ እማማ።"