ቅቡን የገፈፍኩበት ሳምንት

ቢላውን የገዛሁት ጥቁር ስለሆነ ነው። ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከእጀታው እስከ ጫፉ የፋብሪካ ቅብ የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያኮራ ቢላ ነበር፤ ሻጩም «አይዝግም፣ አይላጥም፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው» አለኝ። እኔ ስለ ቢላ ምን አውቃለሁ? በቤታችን ቢላ የእቴቴ ጉዳይ ነበር።

እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍላችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከተፈ አትክልት ሸጠናል። ከሥራ የሚመለስ ሰው ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ሽንኩርቱን በፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ ቤቱ ገብቶ ድስት ውስጥ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ እልጣለሁ፣ እሷ ትከትፋለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሰፈሩን ሰው አንድም ሳናስቀር እናማለን። ከዚያ በአምሳ ሁለት ዓመቷ አገባች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቤቱ ከእኛ የአራት ሰዓት መንገድ ይርቃል።

ቢላዋን በፎጣ ጠቅልላ ልብሷ መሃል ስትከት አየኋትና ሆድ ባሰኝ። «ሂጂ! እኔ እንደሆንኩ ያላንቺም እከትፋለሁ» አልኳት። ከሄደች በኋላ ደጋግማ ደወለች፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ ዘጋሁባት። ኋላ እሷም ተወችው። ይኸው ስምንት ወር ሆነን። ኩራቴ እራቴ የሆነ ሴት ነኝ፤ እራቱ ግን ብቻዬን ስበላው አልወርድ አለኝ።

በምልጥበት ትንሽ ቢላ ስከትፍ ከርሜ እጀታው ሲወልቅ ነው ጥቁሩን የገዛሁት። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ደንበኛዬ ነርሷ ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች።

«ቁንዶ በርበሬም መጨመር ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ።

ጎመኑ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተነስንሷል። ቢላውን ባየው ቅቡ በየቦታው ተልጧል። አፈርኩ። ሌላ ልግዛ ብል እጄ ላይ ምንም የለም፤ ያለኝ አማራጭ የቀረውን ቅብ ራሴ መግፈፍ ነው።

ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር የምንለው ጎረቤታችን አናጺ ዘንድ ሄጄ የሠራበት ብርጭቆ ወረቀት ካለው ጠየቅሁት። ቢላውንም ፊቴንም አየት አደረገ።

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ» አለ። «አንቺ ደግሞ የራስሽን ይዘሽ መጣሽ።»

«ቅቡን ልፍቅበት ነው።»

«እቴቴን ብትጠይቂያትስ? እሷ እኮ...»

«ወረቀቱን ትሰጠኛለህ አትሰጠኝም?»

ሻካራነታቸው ሊያልቅ የደረሰ ሁለት ቁራጮች ሰጠኝ።

ቢላውን በአቼቶ ባራስኩት ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ቅቡ ለስልሶ ነበር። ወዲያ ወዲህ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ድስት ቂጥ ፈገፈግኩት፤ የስምንት ወር ንዴቴን ሁሉ አወጣሁበት። ቅቡ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣውን ብረት ሳይ ግን እጄ ቆመ፤ ቁርጥ የእቴቴን ቢላ መሰለኝ። ባዶ ወንበሯ ፊት ለፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ናፈቀችኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ዕንባዬን ጠርጌ ቢላውን አጠብኩና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ገበያ ደርሼ ስመለስ ዝገት ወርሶታል። ስለቱም ቲማቲም ይጨምቃል እንጂ አይቆርጥም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደወልኩላት።

«አቤት» አለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ቢላ ገዝቼ... ቅቡን ገፍፌው ዛገብኝ።»

«ስለቱንም ፈገፈግሽው?»

«አዎ።»

«አይ አንቺ! ስለቱ በፕላስተር ይሸፈናል እንጂ! ወረቀቱን በውሃ እያረጠብሽ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ ሂጂ፤ ወዲያ ወዲህ የለም። አጥበሽ ወዲያው አድርቂውና ዘይት ቀቢው። ቅቡን ካነሳሽለት በኋላ ጠባቂው አንቺ ነሽ። ስለቱን በሸክላ ሳህን ሥር፣ ሻካራው ላይ ሞርጂው።»

«አንቺስ እዚያ ምን ትከትፊያለሽ?»

«ምንም። ምግቡን የሚሠራው እሱ ነው። ‹አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደክመሻል፣ አሁን እረፊ› ብሎ ኩሽና አያስገባኝም። ደግ ሰው ነው።» በረጅሙ ተነፈሰች። «ቢላዬ ከነፎጣው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።»

ናፍቀሽኛል ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ «እሺ፣ እሞክረዋለሁ» ሆኖ ወጣ።

«ካልሆነልሽ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። «ከሆነልሽማ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

ያለችኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ስለቱን ሸፈንኩ፣ ወረቀቱን አረጠብኩ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ ሄድኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞርጄው ቲማቲም ላይ ባሳርፈው ሳልጫነው ገባ። ሚስማር መጥቶ ስለቱን በጥፍሩ ሞከረና «እቴቴ ራሷ የሠራችው ነው የሚመስለው» አለ። እንዲህ ያማረ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እሱ እንደወጣ ደወልኩ።

«አልሆነልኝም» አልኳት።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ» አለች፣ እኔን ለመቅደም የቸኮለች ይመስል። «የራሴንም ይዤ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ቢላውን ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙና አጠብኩት። ሳላደርቀው እርጥብ ጨርቅ ላይ አጋደምኩትና በሩን ቆልፌ ወጣሁ። እስከ ቅዳሜ በደንብ ይዝጋል።