ሞገዱ እስኪመጣ

አቶ ገሠሠ ባሕረኛ ነበሩ። ምጽዋ በተያዘች ጊዜ መርከባቸው የመን ገብታ ቀረች፤ እሳቸውም ከስደተኛ ካምፕ ወደ አትላንታ መጥተው፣ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ረግጠው አያውቁም። "ዳር ቆሞ ማየትማ ለተራበ ሰው ወጥ እንደ ማሽተት ነው" ይሉ ነበር።

ልጃቸው ገሊላ ግን ኢንጂነር ሆና ኦሪገን የባሕር ጠረፍ ገባች። ከሞገድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትልቅ ተንሳፋፊ መሣሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዷ ናት። አንድ ቀን ደወለች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ባሕር ላይ ቴስት እናደርገዋለን። ቲኬትህን ቡክ አድርጌያለሁ፤ እምቢ እንዳትል!"

እምቢ አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ከወደቡ ስትወጣ የአቶ ገሠሠ እግር ሳይታዘዝ፣ እንደ ድሮው የመርከብ ላይ አቋማቸው፣ ሰፋ ብሎ ቆመ። ቢጫው ተንሳፋፊ ከሩቅ ታየ። ሞገድ ሲያነሳና ሲያወርደው ነው ውስጡ ያለው ጄኔሬተር የሚዞረው። ባሕሩ ግን የዚያን ቀን ዘይት መስሎ ተኝቷል። ገሊላ ኮምፒውተሯን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

"ሞገድ ከሌለ ተመልሰን መሄዳችን ነው?" አሏት።

"አይ፣ እስኪመጣ እንጠብቃለን።"

አባት ልባቸው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ለልጃቸው ሞገዱን ይለምናሉ፤ ለራሳቸው ደግሞ፣ አምላካቸውን እያፈሩ፣ ባሕሩ ላይ እንዲቆዩ ሞገዱ እንዲዘገይ።

ከቀትር በኋላ ከወደ ምዕራብ ረጅም ሞገድ ተንከባሎ መጣ። ተንሳፋፊው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ጀልባዋ ላይ ጩኸት ሆነ።

"ሠራ! አባዬ፣ ሠራ!" ገሊላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ፤ የእሳቸው እንባ ግን ለደስታ ብቻ አልነበረም።

"ትንሽ እንቆይ እንዴ?" አለች ፊታቸውን አይታ። ካፒቴኑን ጠየቀችላቸው። ነፋሱ እየበረታ ስለሆነ ካፒቴኑ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ገሠሠ ወደብ እስኪደርሱ ጀርባቸውን ለየብስ ሰጥተው ቆሙ።

አትላንታ ሲመለሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት በር ላይ ተቀበሏቸው።

"እህሳ፣ ባሕሩን ጠገብክ?"

"ባሰብኝ እንጂ፣ ወይንዬ።"

ወይዘሮ ወይንሸት ወደ ታች አዩ። የባላቸው ጫማ ላይ የባሕር ጨው ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቷል። ሊጠርጉት ጨርቅ አነሱ፤ ትንሽ አሰቡና ጨርቁን መልሰው አስቀመጡት።