ሁለት ባልዲ ወተት

"ገልብጠው አልኩህ እኮ!"

ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ የሽማግሌውን ዘበኛ ቦርሳ ነጥቆ የቺዝ ፋብሪካው በር ላይ ዘረገፈው። አንድ ፎጣ፣ አንድ ባትሪ፣ የጉልበት ቅባት። ሌላ ምንም የለም። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል።

የፋብሪካው ኬሚስት ጩኸቱን ሰምታ ስትወጣ ዘበኛው ተንበርክከው ዕቃቸውን ይለቅማሉ። ደሟ ፈላ።

"በአያትህ ዕድሜ ያሉ ሰው አንተ ይባላሉ? ምን ጠፋና ነው?"

"ስምንት ቺዝ! ወተት ማርጊያውን ኢንዛይም እጥፍ አድርጉ አልኩ፣ ተደረገ። ቺዙ ግን እንደ ድሮው ስምንት። ሌላው ስምንት የት ገባ? ሌሊት ቁልፍ ያለው ይሄ ሌባ ጋ ነው።"

ሳቅም ልቅሶም እኩል መጣባት። ሠራተኛው ይህን የባለቤቱን የእህት ልጅ "እጥፍ" እያለ የሚያማው ወዶ አይደለም፤ ነገር ሁሉ እጥፍ ይሁን ባይ ነው። ትናንት ትእዛዙን ሲሰጥ ነግራው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፋት።

"ኢንዛይም ቺዝ አይወልድም፣ ወንድሜ። ወተቱ ሲረጋ የሚለቀው ነጻ ኃይል፣ ለውጡን የሚነዳው ጉልበት ማለት ነው፣ መነሻውም መድረሻውም በወተቱ ነው የሚወሰነው። ኢንዛይም ያንን ቅንጣት ታህል አይለውጥም። መሃል ያለውን አቀበት ዝቅ አድርጎ ቶሎ ያሻግራል፣ በቃ!"

"አቀበት ምናምን አትበይብኝ! እኔ የማውቀው ቺዝ ነው።"

"እንግዲያው በዓይንህ እይ።"

ከአንድ በርሜል ሁለት ባልዲ ወተት እኩል ቀድታ አሞቀች። ለአንዱ የወትሮውን፣ ለሌላው እጥፉን ኢንዛይም ጨመረች። እጥፉ ቀድሞ ረጋ።

"ይኸው!" ብሎ አጨበጨበ።

"ታገስ እንጂ።"

ሌላኛውም ረጋ። ሁለቱንም ቆራርጣ፣ አጥልላ፣ ጨምቃ መዘነቻቸው። ሚዛኑ ለሁለቱም አንድ ቁጥር አሳየ።

"ኧረ እጥፉ የት ገባ?" አለች አንዷ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ። "የኔም ቦርሳ ይፈተሽ እንዴ?"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ።

"እሺ፣ ሽማግሌው ሥራቸው ላይ ይቆዩ። ወሬው እዚሁ ይብቃ። ግቢና ወተቱን አርጊ፣ ሰዓት ሄደ።"

"ይቅርታውስ?"

"የምን ይቅርታ? አላባረርኳቸውም!"

"ሰው ፊት ሌባ ብለሃቸዋል።"

ዘበኛው ክንዷን ያዙ። "ተይው ልጄ። በኔ ምክንያት ከሥራሽ እንዳትፈናቀዪ።" ሲናገሩ ግን ቀና አላሉም። ስንት ዓመት ሙሉ ገቢውንም ወጪውንም ዓይን ዓይኑን እያዩ ሰላም ሲሉት የኖሩ ሰው፣ አሁን መሬት መሬት ያያሉ።

ወደ ውስጥ ገባች። በትልቁ የብረት ገንዳ የቀኑ ወተት በልኩ ሞቋል። ኢንዛይም ካልገባበት እንዲሁ ይውላል፤ ሲመሽ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁም ይህንን አላጣውም፤ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

የኢንዛይሙን ጠርሙስ አጥብቃ ከደነችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አንተን።"