የምድር ቤቱ ተከራይና ቁራው

በሙታን ተዝካር ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካትማንዱ፣ ካላንኪ ሰፈር ባለው የእማማ ኬምኩማሪ ቤት ሰገነት ላይ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ ባለቤት እማማ ኬምኩማሪ፤ ምድር ቤት የተከራየው ሂክማት፤ ልትወልድ ወሯ የገባው ሚስቱ ጁና፤ ሲድኒ ያለው የእማማ ልጅ ፕራባት፣ በስልክ፤ የቤተሰቡ ካህን ፓንዲቱ፣ እሳቸውም በሌላ ስልክ። ሟቹ የእማማ ባል አቶ ሆምናትም መጥተው ነበር ይባላል፤ ግን በቁራ ተመስለው ስለሆነ ከታዳሚው አንቆጥራቸውም።

ሂክማት እዚያ መገኘት አልነበረበትም። መገኘት ቀርቶ የዚያን ቤት ደጃፍ መርገጥ አልነበረበትም፤ ይህም የእሱ ሳይሆን የእማማ ሕግ ነው። ሂክማት ዳማይ ነው፣ የነኩት ይረክሳል ከሚባሉት ዘሮች። ዳማዮች ልብስ ይሰፋሉ፣ ሰርግ ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ። ዳማዩ ሰፊ ለእማማ ብሉዝ ሊሰፋ ክንዳቸውን፣ ብብታቸውን፣ ወገባቸውን በሜትር ሲለካ ምንም ችግር የለም። ያው ሰው ማድጋቸውን የነካ እንደሆነ ግን ውሃው ይደፋል፤ ቤቱ እስኪነጻ ድረስም ወርቅ የተነከረበት ውሃ ይረጫል። ብብት አይረክስም፣ ማድጋ ይረክሳል። ሂክማት ራሱ መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ዘር ግን ተጠግኖ አይለወጥም።

ሂክማት ቤት ፍለጋ የወጣው በክረምቱ ዝናብ ነበር። “የሚከራይ ክፍል አለ” የሚል ወረቀት በተለጠፈበት በር ሁሉ ሰዎቹ በፈገግታ ያስገቡታል፣ ክፍሉን ያሳዩታል፣ መስኮቱን ከፍተው ንፋሱን ያስመሰክራሉ። ከዚያ “የቤተሰብ ስምህ ማን ነው?” ይሉታል። “ፓሪያር” ሲል፣ የዳማዮች ስም ነውና፣ ክፍሉ እሱ እዚያው እንደቆመ ለሌላ ሰው ይከራያል። አንዷ “ረስቼው፣ የወንድሜ ልጅ ሊገባበት ነው” አለች። አንዱ ቧንቧው ድንገት እንደፈነዳ ትዝ አለው። ሌላው፣ የተማረ ሰው ነው፣ “እኔ እንኳ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ እምቢ የምትለው እናቴ ናት” አለ። የካትማንዱ እናቶች ስንቱን ይሸከማሉ።

በመጨረሻ ያገሩ ልጅ ቱላራም ደረሰለት። ቱላራም እውነተኛ ባሁን ነው፣ የካህናት ዘር፤ ምላሱ ግን የደላላ። “አንተ ዝም በል፣ እኔ እናገራለሁ” ብሎ ይዞት መጣ። ዝም ማለት ለሂክማት የተፈጥሮ ስጦታው ስለሆነ አልከበደውም።

“የማን ዘር ነው?” አሉ እማማ።

“ጋውታም ነው እማማ! ንጹሕ ባሁን! አያቱ ቅዱሱን መጽሐፍ፣ ቬዳውን፣ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ነበር የሚወጡት!”

“ታዲያ እሱ ለምን አይናገርም?”

“አያቱ ተናግረው ጨረሱበታ!”

ክፍሉ ተገኘ። ባሁን ደግሞ ከትከሻው እስከ ወገቡ በሰያፍ የሚጠለቅ ክር ከሌለው ባሁን አይደለም። ጁና የሰፊ ልጅ ናትና ክሩን ራሷ ገምዳ አጠለቀችለት። ከአባቷ የስፌት መኪና የወጣ ናይለን ስለሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ሂክማት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀቱም ቢብስ ሸሚዙን አያወልቅም። “ልጃችን ጣሪያ ሥር ይወለድ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ” ትለዋለች ጁና። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

በተዝካሩ ሰሞን ካትማንዱ ውስጥ ባሁን ከሽንኩርት ይወደዳል። አባት ያልሞተበት የለም። ፓንዲቶቹ በሞተር ሳይክል ከቤት ቤት ይከንፋሉ፤ እየጸለዩ ይበላሉ፣ እያገሱ ይነዳሉ። የእማማ ፓንዲት ያን ጠዋት ደወሉ። ሞተሩ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል።

“ጸሎቱን በስልክ አደርሰዋለሁ” አሉ።

“ምግቡንስ?”

“ምግቡን በስልክ መብላት አይቻልም።” ድምፃቸው ውስጥ ያለው ሐዘን ከልብ ነበር።

ባሁን ካልበላ ሟቹ አይጠግቡም። እማማ ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረጃውን ወርደው የሂክማትን በር ደበደቡ።

“ጋውታም! ሸሚዝህን አውልቀህ ቶሎ ውጣ፤ የፕራባት አባት ርቧቸዋል!”

ሂክማት ጁናን አየ። ጁና ሆዷን አየች።

“ሂድ ብላ” አለች በሹክሹክታ። “ጥጋብ የገደለው ሰው አላየሁም።”

“ሸሚዝህን አውልቅ እያሉ እኮ ነው። ክሩስ?”

“ጥላ ጥላውን ሁን።”

ሰገነቱ ላይ ጥላ የሚባል አልነበረም። ሩዙ፣ ጥቁር ምስሩ፣ በወተት የተቀቀለው ሩዝ፣ ቀለበት የመሰለው የዘይት ዳቦ በቅጠል ላይ ተደርድሯል። ፕራባት በስልኩ መስተዋት ውስጥ ቁምጣው ላይ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ ሰሊጥ የተነከረበትን ውሃ ሲድኒ ያለ እቃ ማጠቢያ ውስጥ ያፈሳል።

“ምድጃህ ለምን ባዶ ሆነ? ለአባትህ ምንም አልሠራህም?” አሉ እናቱ።

“አከራዬ የቅመም ሽታ አልወድም ብላለች እማዬ። ይኼም በስንት መከራ የተገኘ ነው። በፊት ያየሁትማ ስሜን ሲሰሙ ተከራይቷል አሉኝ።”

“ስምህን ሰምተው? አረመኔዎች! ሰው በአባቱ ስም ቤት ይከለከላል? እናት የላቸውም?” ብለው ወደ ሂክማት ዞሩ። “ሰማህ ጋውታም?”

“ሰማሁ እማማ” አለ ሂክማት።

ፓንዲቱ በሌላው ስልክ ማነብነብ ጀመሩ። መሐል ላይ ቆም አሉና “የሚበላው ሰው ከየትኛው ጠቢብ ነው የሚወርደው?” ብለው ጠየቁ። ይህን ማንኛውም የባሁን ሕፃን ያውቀዋል። ቱላራም ግን ለሂክማት ሳይነግረው ቀርቷል። የሂክማት ላብ በናይለኑ ክር ላይ ቁልቁል ወረደ።

“ሃሎ? ከማን ነው የሚወርደው?”

“ከ... ከ...”

“ግድ የለም፣ ይብላ! ሌላ ቤት ይጠብቀኛል!”

ሂክማት በላ። እማማ ለቁራ የሚሰጠውን ድርሻ በቅጠል አድርገው የሰገነቱ ግንብ ላይ አኖሩ። ቁራ ከበላው ሟቹ ተቀብለዋል ማለት ነው። አቶ ሆምናት ከሞቱ ወዲህ ግን አንድም ቁራ ቀምሶላቸው አያውቅም፤ የጎረቤታቸው የሳቢትሪ ሟች ባል በየዓመቱ በቁራ መጥቶ ሲበላ እማማ ሩዛቸውን ታቅፈው ይቀሩ ነበር። ሳቢትሪም ይህን ሳታነሳ አንድ ሳምንት አልፏት አያውቅም።

ሂክማት ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ አንድ ወፍራም ቁራ መጣ። ሩዙን በላ። ምስሩን በላ። ዳቦውን አንጠለጠለ። ተመልሶም ቅጠሉን ራሱን ይዞ በረረ።

“የፕራባት አባት!” ብለው እማማ አለቀሱ። “ድሮም እንዲህ ነበር የሚበሉት!”

ከዚያ፣ እንደ ደንቡ፣ ያበሉትን ባሁን እግር ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ነጠላቸው እየተንሸራተተ፣ ግንባራቸው ወደ ሂክማት አውራ ጣት ቀረበ። የሂክማት እናት ዕድሜዋን ሙሉ በየሰው ደጃፍ ስታጎነብስ የኖረች ሴት ናት። ለእሷ ማንም አጎንብሶ አያውቅም። ሂክማት ምን እንደነካው እንጃ፣ እግሩን ሰበሰበ።

“እማማ፣ ይተዉ! ጋውታም አይደለሁም። ፓሪያር ነኝ። ዳማይ ነኝ።”

“ወይኔ ቤቴ!” አለች ጁና፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ።

“ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርክ የለም፣ ምንም አልሰማሁም” አሉ ፓንዲቱ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ስልኩም ተዘጋ።

“እማዬ” አለ ፕራባት ከሲድኒ፣ “ቁራው ግን በልቷል።”

እማማ ወደ ኩሽና ገብተው የጋብቻ ቀለበታቸውን የነከሩበት ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። የወርቁን ውሃ ሊረጩ እጃቸውን ነከሩና ቆሙ። ሂክማትን አዩ። ምግቡን አዩ። የባላቸውን ፎቶግራፍ አዩ። የገዛ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ነኩ። ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው።

“ቁራውንስ?” አለች ጁና። ተስፋ ስትቆርጥ ምላሷ ይፈታል። “ቁራውን ማን ይረጭልዎታል እማማ? እስካሁን የስንቱን ማድጋ ነክቷል!”

“ዝም በይ አንቺ! አታላዮች! ዛሬውኑ ክፍሌን...”

“ኬምኩማሪ!” የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ጣሪያ መጣ። ሳቢትሪ ናት፤ በልብስ ማስጫው መሐል አንገቷን አስግጋለች። “ዘንድሮስ ቁራው መጣልሽ ወይስ እንደ ልማዱ ቀረ?”

እማማ ሳህኑን ከጀርባቸው ደበቁ። ውሃው በነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ።

“መጣ!” አሉ። “ጠራርጎ በላ! ቅጠሉን እንኳ አላስተረፈ!”

“እሰይ! ማንን አብልተሽ ነው?”

ሂክማት ዓይኑን ጨፈነ።

“የራሴን ተከራይ ነዋ! ጋውታም ነው! አያቱ ቬዳውን በቃላቸው ነበር የሚወጡት!”

“እባክሽ ለነገ አውሺኝ! የኔ ፓንዲት ቀረብኝ!”

“ውሰጂው!” ብለው እማማ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ይኼን የሚያብለጨልጭ ነገር አውልቅ። ደህና ክር ገዝቼ አመጣልሃለሁ። ነገ ደግሞ ሲጠይቁህ እንደ በግ አትንተባተብ፤ ከማን እንደምትወርድ አስጠናሃለሁ።”

“ክፍሉስ?” አለች ጁና።

“ክፍሉን ማን ነካው? እናንተም ማድጋዬን አትንኩ።”

ሂክማት በማግስቱ ሳቢትሪ ቤት በላ። ጁና በምድር ቤቱ ክፍል ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ጎን ያለው ክፍል ተለቀቀ። አንድ ወጣት ሊያየው መጣ፤ እማማ መስኮቱን ከፍተው ንፋሱን አሳዩትና የቤተሰብ ስሙን ጠየቁት።